ሰባት ሰዓት ከአራት ደቂቃ

ኑርሁሴን በአሥራ አምስት ዓመቱ ለመሞት ጥቂት ነበር የቀረው። በ1965 ዓ.ም. መባቻ፣ የቦርከና ውሃ ከጨፋ ሜዳ ገና ሳይጎድል ወባ ገባ። ከአንድ ቤት ሁለትም ሦስትም ሰው ተኛ። ኑርሁሴን በአምስተኛው ቀን አፉ ተያዘ፤ በስድስተኛው የእናቱን ፊት መለየት አቃተው። ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ስለነበር መኪና የሚባል ነገር አልነበረም። አጎቱ አብዶ በሁለት አጣና መካከል ጠፍር ወጥሮ ቃሬዛ ሠራ፤ ሰባት ጎልማሶች ጠራና ጎሕ ሲቀድ ወደ ከሚሴ ጤና ጣቢያ ይዘውት ተነሡ።

በዚያ አገር በቃሬዛ ላይ ያለ በሽተኛ መሬት አይነካም። አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ባዶ ትከሻቸውን ይዘው ከጎን ይሄዳሉ፤ ሲደክማቸው እየተራመዱ ይለዋወጣሉ። አዲሱ ተሸካሚ እርምጃውን ከአሮጌው እርምጃ ጋር ያስተካክላል፤ ትከሻውን ከአጣናው ሥር ያስገባና «ቀበዼ» ይላል፤ ያዝኩ ማለቱ ነው። ይህን ቃል ሳይሰማ የሚለቅ የለም። አሮጌውም ዝም ብሎ አይለቅም፤ የበሽተኛውን ነገር ያስረክባል። በእጃቸው ሰዓት ስላልነበረ ጊዜውን በቦታ ይናገሩታል።

«ውሃ የቀመሰው ዋርካው ጋ ነው» ይላል። «ያስመለሰው ቁልቁለቱ ላይ። ከዚያ ወዲህ አልጠጣም።»

ኑርሁሴን በትኩሳት መካከል ይህን ይሰማ ነበር። ከሥሩ ያሉት ትከሻዎች ሲለወጡ አልተሰማውም፤ ድምፆቹ ሲለወጡ ግን ሰምቷል። አሱር ሊሰገድ ሲል ጤና ጣቢያው ደረሱ። ድሬሰሩ መጀመሪያ የጠየቀው «መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው?» ብሎ ነው። ስምንቱም ባንድ አፍ መለሱለት። ልጁ ዳነ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቱን ኑርሁሴን በራሱ እጅ ነው የሠራው። ፊደል የቆጠረው በሃያ ሁለት ዓመቱ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ከሚሴ ውስጥ ወፍጮ ቤት ገብቶ የናፍጣ ሞተር ማስነሣት ተማረ። ሞተር ከለመደ በኋላ ሬዲዮ መፍታት ጀመረ። አንድ የሕዝብ ማኅበር በከተማዋ ዳር ሆስፒታል ሲያቆም በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ቀጠሩት። ኮምፒውተር የነካው አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶት ነው። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ በአንድ በኩል፣ መዝገበ ቃላቱን በሌላ በኩል ዘርግቶ፣ በቀን አንድ ገጽ እያለ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። የገበያው ሰው «ኢንጂነር» ሲለው አላረመም። ልብሱ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነበር፤ ሲናገርም ቀስ ብሎ፣ ቃል እየመረጠ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ሆስፒታሉ የበሽተኛ መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲያዞር ጠቅላላ ሥራው በኑርሁሴን እጅ ገባ። ሁለት ሰርቨሮች ተተከሉ። የመዝገቡ ፕሮግራም የተቀመጠው ግን በቀጥታ በአንዱ ብረት ላይ አልነበረም፤ ቨርቹዋል ማሽን በሚሉት፣ ሰርቨሩ እንደ ቃሬዛ በሽተኛ በሚሸከመው፣ በማይጨበጥ ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። የዚህ ነገር ጥቅሙ አንዱ ሰርቨር ሲታመም መዝገቡ ሥራውን ሳያቋርጥ ወደ ሌላው መሻገሩ ነው። መጀመሪያ መዝገቡ በሐሳቡ የያዘው ሁሉ ወደ ሁለተኛው ይገለበጣል። ያ ሲገለበጥ ደግሞ ነርሶቹ እየጻፉ ነውና አዲስ የተለወጠው እንደገና ይገለበጣል፤ እያለ እያለ የሚቀረው ጥቂት ሲሆን ሰው በማያስተውለው ቅጽበት ተሸካሚው ይለወጣል። ኑርሁሴን ይህን በመጽሐፉ ሲያነብ መነጽሩን አውልቆ ብቻውን ሳቀ። ነገሩን በአሥራ አምስት ዓመቱ ያውቀው ነበር።

ለዶክተር ሙጂብ፣ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ያስረዳውም በቃሬዛ ነው። ነርሶቹም ያንን ታሪክ ደጋግመው ሰምተውታል። ደግሞም ሌላ ነገር አስተምሯቸዋል። የኮምፒውተሩ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚሄድ የእጃቸው ሰዓት ላይ ስድስት ደምረው እንዲያነቡ፣ በእጃቸው ሰባት ሲል ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስት እንደሚል፣ ትልልቅ አድርጎ በወረቀት ጽፎ በየክፍሉ ለጠፈ። ነርሶቹ በኪሳቸው የሚይዟትን ትንሽ ደብተር እንዲያስረክቡ ያስወሰነውም እርሱ ነው። «ሁለት ቦታ የተጻፈ ነገር ይጣላል» ብሎ ዶክተሩን አሳመነው። የመድኃኒት ሰዓት ሲደርስ ኮምፒውተሩ በቀይ መስመር ያሳያል፤ ደብተር ምን ያደርጋል?

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ በአንድ ዓርብ ቀን፣ ለጊዜው ባዶ የነበረውን ሁለተኛውን ሰርቨር ከፈተው። ሰዓቱን የምትጠብቅ ትንሽ ባትሪ ነበረችው፤ እሷ ሞታ ሰዓቱ ጠፍቶበታል። አዲስ ባትሪ አስገባ። ኢንተርኔቱ ቢኖር ሰዓቱ ራሱ ይስተካከል ነበር፤ መንገድ ሲቆፈር መስመሩ ተቆርጦ ሳምንት ሆኖታል። ስለዚህ በእጁ ሊሞላ ተቀመጠ። ጁምዓ ደርሷል፤ ገና ውዱእ አላደረገም። የእጅ ሰዓቱን አየ፤ አምስት ሰዓት ተኩል ይላል። አምስት ተኩል ብሎ ጻፈ፣ ዘጋው፣ ወደ መስጊድ ሄደ። ስድስት ደምሩ ብሎ በየግድግዳው የለጠፈው ሰው ራሱ ሳይደምር ሄደ።

በማክሰኞው የመጀመሪያው ሰርቨር ማራገቢያ መጮህ ጀመረ። የከሚሴ አቧራና ሙቀት በልተውታል፤ ተከፍቶ መጽዳት አለበት።

«ሥራ ይቆማል?» አለ ዶክተር ሙጂብ።

«የዓይን ጥቅሻ ታህል አይቆምም» አለ ኑርሁሴን። «ይምጡና ይዩ። ሲስተር ዓዲላንም ይጥሯት።»

ዓዲላ የወላዶች ክፍል ነርስ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ቀልድ የማይጠፋባት። መጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

«እኔ ስሠራ አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ» አላት። «አንዲት ፊደል ብትቀርብሽ ንገሪኝ።»

«ምን ልጻፍ ጋሼ ኑርሁሴን?»

«ያሻሽን።»

«የበዓል ተረኝነት ይቅርልኝ ብዬ ልጻፍ?» አለች ዶክተሩን በጎን እያየች።

«እሱንማ ማሽኑም አይቀበልሽ» አለ ዶክተሩ።

እየሳቀች መጻፍ ጀመረች። ኑርሁሴን ማዘዣውን ነካ። ቁጥሩ ሃያ አለ፣ ስልሳ አለ፣ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ጥቂት ቆየ፣ አለቀ። ዓዲላ አሁንም ትጽፋለች።

«መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለች።

«አልቋል።»

ዶክተር ሙጂብ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ያን ጊዜ የኑርሁሴን ዓይን ከኮምፒውተሩ ጥግ ባለችው ሰዓት ላይ አረፈ። ሰባት ከአራት ትላለች። የእጁን ሰዓት አየ፤ ሰባት ከአራት። ልክ ለልክ መግጠማቸው ደስ አለው። ለምን እንደሚገጥሙ ግን ራሱን አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ በኖረበት ዘመን ሁሉ የሚመለስበት ያ ደስታው ነው። አይቶታል። ዓይኑ አይቶ፣ ልቡ ተሞግሶ፣ አልፎታል።

አሻ የምትባል የሰንበቴ ከተማ ሴት ከሁለት ቀን በፊት ወልዳ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ተኝታ ነበር። እንዳያንቀጠቅጣት በየአራት ሰዓቱ መርፌ ትወጋለች። በዚያ ቀን አምስት ሰዓት ላይ ተወግታለች፤ የሚቀጥለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ይህን የያዘው አሥራ አምስት ሰዓት ብሎ ነው። መዝገቡ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ሲሻገር ግን የአዲሱን ተሸካሚ ሰዓት ለበሰ። እውነተኛው ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ማሽኑ ገና ጠዋት መሰለው፤ ለአሥራ አምስት ስድስት ሰዓት ይቀረዋል። ቀዩ መስመር አልበራም። ዓዲላ ምጥ ላይ ያሉ ሁለት እናቶችን ይዛ ነበር፤ ባለፈች ቁጥር ዓይኗን ወደ ኮምፒውተሩ ጣል ታደርጋለች፤ ቀይ የለም። ደብተሯ ኪሷ ውስጥ የለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አሻ ተንቀጠቀጠች። ዶክተር ሙጂብ ደርሶ ነፍሷን አተረፈ። በነጋታው ስትነቃ ግራ እጇ አልታዘዝ አላት።

ኑርሁሴን በዚያ ሰዓት ማራገቢያውን ጠርጎ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ብረቱን ዘግቶ ነበር። አሥራ አንድ ተኩል ላይ መዝገቡን ወደ ቦታው መለሰው። ሰዓቱም አብሮ ተመለሰ። ቀዩ መስመር ያን ጊዜ በራ።

በሦስተኛው ቀን ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ተቀመጠ። ዓዲላ ቆማ «ቀዩ መስመር አልበራም ነበር» አለች። «የበራው ከተንቀጠቀጠች በኋላ ነው።» ኮሚቴው ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ አሥራ አምስት ሰዓት፣ መርፌ፣ አልተሰጠም ይላል። ኑርሁሴን ተጠራ።

«በዚያ ቀን ማሽኑ ቆሞ ነበር?»

«አልቆመም» አለ ኑርሁሴን ኮቱን ቆልፎ። «የዓይን ጥቅሻ ታህል። ዶክተርም ምስክር ናቸው።»

ዓዲላ አንገቷን ደፋች። ዋሸህ የሚለው አልነበረም፤ እውነት ነበር የተናገረው።

በነጋታው ጠዋት ግን የዓዲላ ቃል አላስቀምጥ አለው። የላቦራቶሪውን መዝገብ ከፈተ። በማክሰኞው ቀን፣ ወረቀቱ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የተቀዳ ደም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ዘጠኝ ተኩል ተብሎ ተጽፏል፤ አሥራ አምስት ተኩል መሆን ሲገባው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር ሄደ፤ ስድስት ደመረ፤ ዘጋው። ከክፍሉ ሲወጣ በሩን ቆለፈ። ለማንም አልተናገረም።

ነገ እናገራለሁ አለ። ነገ ሲመጣ ለዶክተሩ ሰላምታ ሰጥቶ አለፈ። ጡረታው ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከወፍጮ ቤቱ ሞተር ጀምሮ የያዘው ነገር ተበላሸ ተብሎ አያውቅም። ዲግሪ የሌለው ሰው በአንድ ስሕተት ወደነበረበት እንደሚመለስ ያስብ ነበር። «አላወቅኩም ነበር» ማለት የሚቻልበት ቀን ሰርቨሩን ባስተካከለበት ጠዋት ማለፉንም ያውቃል። ሲሰግድ ስንት ረከዓ እንደሰገደ ይጠፋው ጀመር። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ጣለው።

ሚስቱ ፋሪዳ ሳህኑን ሳይነካው ስታነሣ «የሚከብድህ ማሽን ነው ወይስ ሰው?» አለችው።

«ማሽን ነው።»

«ማሽን ቢሆን ትፈታው ነበር» አለችና ሄደች።

ዓዲላ ውሳኔው እስኪወጣ ከሥራ ታግዳ በእናቷ የጨርቅ ሱቅ ትቀመጣለች። ሱቁ ከሆስፒታሉ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ኑርሁሴን በሌላ መንገድ መዞር ጀመረ። አንድ ቀን ግን ከመስጊድ ሲወጣ ፊት ለፊት ገጠመችው።

«አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ ኑርሁሴን። መንገድ ቀየሩ እንዴ?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ሥራ በዝቶ ነው ልጄ።»

«እኔን ፈርተው እንዳይሆን። አብሽሩ፣ አልተቀየምኩም። ማሽኑ አልቆመም አሉ፤ አልቆመማ፣ እኔም አብሬ ነበርኩ። ሳስበው ቀዩ መስመር በርቶ እኔ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል። ደክሞኝ ነበር የሰነበትኩት። አሁንማ የጨርቅ ክንድ ስለካ እንኳ ሁለቴ እለካለሁ። ዓይኔን ማመን ተውኩ።»

«እንዲህ አትበይ» አለ ኑርሁሴን።

«ታዲያ ምን ልበል?»

የሚመልስላት ነገር ነበረው። «አላህ ያውቃል» ብሎ አለፋት። ሥራዋን መውሰዱ ሳይበቃው ዓይኗን ወሰደባት፤ ያየችውን እንዳላየች አሳመናት።

አደጋው በደረሰ በሃያኛው ቀን ጠዋት ዶክተር ሙጂብ ወደ ክፍሉ መጣ። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«ጋሼ ኑርሁሴን፣ የስንብት ደብዳቤው ተፈርሟል። እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም። የዓዲላን ስም ከሲስተሙ ያውጡልኝ።»

ኑርሁሴን ተቀመጠ። ስሟን ጻፈ። ሊያጠፋው ሲል ኮምፒውተሩ ጠየቀው፤ በዚህ ስም ያልተዘጋ ማስታወሻ አለ፣ አብሮ ይጥፋ? ከፈተው። በዚያ ማክሰኞ፣ ጻፊ ሲላት የጻፈችው ነበር። በእያንዳንዱ መስመር ፊት ማሽኑ ሰዓቱን አስፍሯል።

13:02 ቃሬዛው ተነሣ።
13:03 በሽተኛው ይተነፍሳል።
13:03 የበዓል ተረኝነት ይቅርልኝ።
13:04 ተሸካሚዎቹ ሊለዋወጡ ነው መሰለኝ።
7:04 ጋሼ ኑርሁሴን፣ ኧረ ምንም አልተሰማኝም።

ደጋግሞ አነበበው። ቃሬዛውን ለዚህች ልጅ ያስተማራት እርሱ ነው። ትከሻ ስለመለዋወጥ ሲነግራት ውሏል፤ ውሃ የቀመሰው ዋርካው ጋ ነው ስለሚለው ቃል ግን አንድም ቀን አልነገራትም። ታሪኩን ባወራ ቁጥር ያንን ትቶት ነበር፤ ለሚያወራው ነገር አላስፈለገውም።

ገጹን በወረቀት አወጣና ወደ ዶክተሩ ቢሮ ገባ። አልተቀመጠም።

«ምንድን ነው?» አለ ዶክተር ሙጂብ።

«ቃሉን ይተዉትና ሰዓቱን ያንብቡ።»

ዶክተሩ አነበበ። ቀና አለ፣ እንደገና አነበበ። «ከአሥራ ሦስት ወደ ሰባት።»

«የሁለተኛውን ሰርቨር ሰዓት በእጄ ስሞላ ስድስት አልደመርኩም። ሲሻገር መዝገቡ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ። ቀዩ መስመር አልበራም። ልጅቷ ያለችው ሁሉ እውነት ነው።»

«መቼ አወቁ?»

«ኮሚቴው በተቀመጠ ማግሥት።»

ዶክተር ሙጂብ በጣቱ ቆጠረ። «አሥራ ስድስት ቀን።»

«አዎ።»

«ስሕተቱን እረዳዋለሁ፤ ማንም ላይ ይደርሳል። አሥራ ስድስቱን ቀን ግን እንዴት አድርጌ ልጻፈው፣ ጋሼ?»

«እንደሆነው ይጻፉት» አለ ኑርሁሴን። «አያሳምሩት።»

ዓዲላ በዚያው ሳምንት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ኑርሁሴን ከሰርቨሩ ክፍል ተነሥቶ ጄኔሬተር ቤት ተመደበ፤ ቁልፉን ሲያስረክብ አልተከራከረም። ከመልቀቁ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ነርሶቹ ደብተራቸው እንዲመለስላቸው። ለዓዲላ ራሱ ገዝቶ ወሰደላት። ተቀበለችው። «ጋሼ» ማለቱን አልተወችም፤ ቀልዱን ግን ተወችው። እርሱ ባለበት ክፍል ዳግመኛ ስትስቅ አልሰማም።

ወደ ሰንበቴ የሄደው በገበያ ቀን ነው። የአሻ ባል ሲራጅ ፍየል የሚነግድ ሰው ነው፤ የመጣበትን ሲሰማ ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ፤ ኑርሁሴን እስኪሄድም አልተመለሰም። አሻ ልጇን በቀኝ ክንዷ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ኑርሁሴን ሁሉንም ነገራት፤ የሰዓቱንም፣ የአሥራ ስድስት ቀኑንም።

«አፉ በይኝ» ብሎ ይቅርታ ጠየቃት።

ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «በዕድሜ አባቴ ነዎት፤ ደጄ ድረስም መጥተዋል። እኔ አፉ ብያለሁ። እጄ ግን አፉ ማለቱን አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት ልጄን ሳጥብ ይነግረኛል።»

ከዚያ ወዲያ በየወሩ አንድ የገበያ ቀን ሰንበቴ ይወርዳል። ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ልጁ እግር ካወጣ በኋላ ይይዝላታል። ሲራጅ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነሣው፤ በሦስተኛው መጥረቢያ አቀበለው። ያን ያህል ነው።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጣ ሆስፒታሉ የሻይ ስንብት አደረገለት። ዶክተር ሙጂብ በመልካም አነሣው፤ ኮምፒውተር ለሆስፒታሉ ያስተማረ ሰው ነው አለ። ኑርሁሴን በተተኮሰ ኮቱ ቆመ። ዓዲላ ከበሩ አጠገብ ነበረች። ወደ እሷ እያየ ተናገረ፦

«ማሽኑ አልቆመም ስል ነበር፤ አልቆመም። እኔ በኩራቴ ያንን ብቻ ጠብቄ ኖሬያለሁ። በልጅነቴ ስምንት ሰዎች ከጨፋ እስከ ከሚሴ ተሸክመውኛል። አጎቴ አብዶ እስኪሞት ድረስ ስለ ትከሻው አንድ ቀን አውርቶ አያውቅም። የሚያወራው ውሃ የት እንደጠጣሁ ነበር። ይህን የተረዳሁት የሰው እጅ ካጎደልኩ በኋላ ነው። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ያ ነው፤ ስትለቁ የምታውቁትን ተናግራችሁ ልቀቁ። ሳይረፍድባችሁ ተናገሩ። እኔ አሥራ ስድስት ቀን ዘግይቻለሁ፤ አሁንም ስቆጥረው አሥራ ስድስት ነው።»